4,294,967,297፦ 641 በዕድል አልተገኘም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሂሳብ የሚጽፉ ዓምዶች 4,294,967,297ን ሲያነሱ ታሪኩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጨርሱታል። የሂሳብ ሊቁ ፌርማ ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ነው ብሎ ገመተ፤ ከዘጠና ዓመት በኋላ ሌላው የሂሳብ ሊቅ ኦይለር በ641 እንደሚካፈል አሳየ፤ አበቃ። 641 ከየት መጣ? ይህን የሚነግር የለም። አንባቢውም ወይ ኦይለር ተአምረኛ ነበር ይላል፣ ወይ መቶ ምናምን ቁጥር እየሞከረ ደርሶበት ይሆናል ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። መንገዱ እርሳስና አንድ ገጽ ወረቀት የሚበቃው ስለሆነ፣ ዓምድ ላይ ቢወጣ የሚያስቸግር ነገር የለውም።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንወቀው። 2 በ32 ርቢ ላይ 1 ሲደመር የሚገኝ ነው፤ 2³² + 1። ወንድሞቹ 2¹ + 1 = 3፣ 2² + 1 = 5፣ 2⁴ + 1 = 17፣ 2⁸ + 1 = 257 እና 2¹⁶ + 1 = 65,537 ናቸው። አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ርቢው በየጊዜው እጥፍ ስለሚሆን ቀጥሎ የሚመጣው የኛው ቁጥር ነው። (ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር በሂሳብ ጽሑፎች «አምስተኛው የፌርማ ቁጥር» ይባላል፤ በጣት ለሚቆጥር ግን ስድስተኛ ነው። ብዙ ጽሑፍ እዚህ ላይ ይምታታል።) ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 በጻፋቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ብቸኛ እንደሚሆኑ ያለውን እምነት ገልጿል፤ ማረጋገጫ እንደሌለውም አልደበቀም። በ1729 ጎልድባክ ጉዳዩን ለኦይለር አነሣለት፣ ኦይለርም በ1732 መለሰ።

ቁጥሩ ለምን ያሳስታል? የተለመዱትን ፈተናዎች ሁሉ ስለሚያልፍ ነው። መጨረሻው 7 ስለሆነ 2ና 5 አይነኩትም። አኃዞቹ ሲደመሩ 59 ይሆናሉ፤ በ3 አይካፈልም። ለ7፣ ለ11ና ለ13 በአንድ ጊዜ የሚሆን ዘዴ አለ፦ ቁጥሩን ከቀኝ በሦስት በሦስት አኃዝ ከፍሎ ተራ በተራ መደመርና መቀነስ። 297 − 967 + 294 − 4 = −380 ይመጣል። 380 በ7 ሲካፈል 2፣ በ11 ሲካፈል 6፣ በ13 ሲካፈል 3 ስለሚተርፍ ሦስቱም ወደቁ። 17ንና 257ን ማካፈል እንኳ አያስፈልግም፤ 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 ሲባዛ 4,294,967,295 ይሰጣል፣ ይህም ከኛው ቁጥር በ2 ብቻ ያንሳል። ስለዚህ አምስቱም ወንድሞች በየተራ ቢያካፍሉት የሚተርፈው ሁልጊዜ 2 ነው። እዚህ ድረስ የመጣ ሰው «ብቸኛ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ቢያቆም አይፈረድበትም፤ ግን ስህተቱ እዚሁ ነው። ለዚህ ቁጥር በጭፍን ማካፈል የሚያበቃው 65,536 ላይ ሲደረስ ነው፣ ከዚያ በታች ደግሞ 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ።

641 ከብቸኛ ቁጥሮች በተራው 116ኛ ነው። በጭፍን ብንሄድም 116 ማካፈል ይበቃን ነበር። ኦይለር ግን ከእነዚህ አብዛኞቹን ሳይነካቸው የሚጥል ወንፊት አዘጋጀ።

ወንፊቱ እንዲህ ይሠራል። ሀ የሚባል ብቸኛ ቁጥር 2³² + 1ን ያለ ቀሪ ያካፍል እንበል። ያኔ 2³² በሀ ሲካፈል ቀሪው ከሀ በ1 ያነሰ ነው፤ ለአጻጻፍ እንዲቀል −1 እንበለው። −1 በራሱ ሲባዛ 1 ነው፣ ስለዚህ 2⁶⁴ በሀ ሲካፈል 1 ይተርፋል። አሁን 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልን የየአንዳንዱን ቀሪ በረድፍ ብንጽፍ፣ ረድፉ ለመጀመሪያ ጊዜ 1 ላይ የሚደርሰው በ64ኛው ቦታ ነው። ቀደም ብሎ ቢደርስ ኖሮ የዙሩ ርዝመት 64ን ማካፈል ስላለበት 32 ወይም 16 ወይም ከዚያ ያነሰ ይሆን ነበር፤ ያን ጊዜ ግን 32ኛው ቦታ ላይ የምናገኘው 1 እንጂ −1 አይሆንም። ዙሩ እንግዲህ ልክ 64 ነው። ፌርማ ራሱ ያወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ፣ ሀ ብቸኛ ከሆነ የዙሩ ርዝመት ሀ − 1ን ያለ ቀሪ እንደሚያካፍል ይናገራል። ስለዚህ ሀ − 1 የ64 ብዜት መሆን አለበት።

ይኼው ነው። የሚሞከሩት ቁጥሮች 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641 ናቸው። ከእነዚህ ብቸኛ የሆኑት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ስለሆኑ አምስት ማካፈል ይበቃል፤ 257 ከላይ እንዳየነው ስለወደቀ እንዲያውም አራት ነው። ሉካስ በ1878 ወንፊቱን አጠበበው፤ አካፋዩ የ128 ብዜት ላይ 1 የተጨመረበት መሆን እንዳለበት አሳየ። በዚህኛው ከ641 በፊት ያሉት 129፣ 257፣ 385 እና 513 ናቸው፤ 129 በ3፣ 385 በ5፣ 513 በ3 ይካፈላሉ፣ 257ም ቀድሞ ወድቋል። እንግዲህ በሉካስ ወንፊት በእውነት የሚሞከረው የመጀመሪያው ቁጥር 641 ነው!

የሚያስገርመው ፌርማ ነው። የ64ቱን ወንፊት ለመሥራት የሚያስፈልገው ሕግ የራሱ ነበር። ሌላው የራሱ ዘዴ፣ ቁጥርን የሁለት ዳግም ርቢዎች ልዩነት አድርጎ የሚከፍለው፣ እዚህ ምንም አይረዳም፤ ያ ዘዴ የሚፈጥነው ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ ነው። ለዚህ ቁጥር ከ65,537 ተነሥቶ 3,350,529 እስኪደርስ 3,284,993 ሙከራ ይጠይቅ ነበር።

ማካፈሉን ራሱ በወረቀት እንየው፣ አንድ ወጥመድ ስላለበት። 4294 ለ641 ስድስት ጊዜ ይደርሳል፣ 3846 ተቀንሶ 448 ይተርፋል። 9ኙን እናውርድ፤ 4489፣ ሰባት ጊዜ፣ 4487 ተቀንሶ 2። 6ቱን ስናወርድ 26 ይሆናል፤ አይደርስም፣ ዜሮ። 7ቱን ስናወርድ 267፤ አሁንም አይደርስም፣ ሁለተኛ ዜሮ። 2ቱን ስናወርድ 2672፣ አራት ጊዜ፣ 2564 ተቀንሶ 108። 9ኙ ሲወርድ 1089፣ አንድ ጊዜ፣ 448። የመጨረሻው 7 ሲወርድ 4487፣ ልክ ሰባት ጊዜ፣ ቀሪ የለም። ድርሻው 6,700,417 ነው። ሁለቱን ዜሮዎች የዘለለ ሰው 67,417 ይጽፋል፤ ቀሪው ዜሮ ስለወጣለትም መሳሳቱን አይጠረጥርም። መልሶ ቢያባዛው 43,214,297 ብቻ ስለሚያገኝ ያን ጊዜ ይገባዋል።

ማካፈል የማይወድ ሰው በጭንቅላቱ የሚያየው አጭር ማረጋገጫም አለ። 641ን በሁለት መንገድ ጻፉት፦ 641 = 5 × 2⁷ + 1፣ እንዲሁም 641 = 5⁴ + 2⁴ (625 + 16)። ከመጀመሪያው እንደምናየው 5 × 2⁷ በ641 ሲካፈል ቀሪው −1 ነው። አራት ጊዜ በራሱ ይባዛ፤ 5⁴ × 2²⁸ ቀሪው 1 ይሆናል። ከሁለተኛው ደግሞ 5⁴ በቀሪ ረገድ ከ−2⁴ ጋር እኩል ነው። እሱን ስንተካ −2³² ቀሪው 1 ይሆናል፣ ማለትም 2³² + 1 በ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ይህ ማረጋገጫ ያምራል፤ ግን 641ን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ዓምደኞች ብዙ ጊዜ ይህን ብቻ አትመው የፍለጋውን መንገድ ስለሚተዉት 641 ከሰማይ የወረደ መስሎ ይቀራል።

ሥራው በዚህ አያልቅም። 6,700,417 ራሱ ብቸኛ ነው ወይ? ይህን ጥያቄ የሚዘሉት ብዙ ናቸው። ዳግም ዘሩ 2,588 ገደማ ነው፤ ስለዚህ አካፋይ ካለው ከ2,588 የማይበልጥ ብቸኛ አካፋይ ይኖረዋል። የእሱ አካፋይ የትልቁም አካፋይ ስለሆነ በሉካስ ወንፊት ማለፍ አለበት። እስከ 2,588 ድረስ የሚያልፉት ብቸኛ ቁጥሮች 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። 257ን እናውጣው፤ አራት ማካፈል ቀረ። በ641 ቀሪው 44፣ በ769 ቀሪው 120፣ በ1,153 ቀሪው 334፣ በ1,409 ቀሪው 622። አንዱም ዜሮ አልሆነም፤ ስለዚህ 6,700,417 ብቸኛ ነው፣ የቁጥራችን አካፋዮችም 1፣ 641፣ 6,700,417 እና ራሱ፣ አራት ብቻ ናቸው። ከራሱ በቀር ያሉት ሲደመሩ 6,701,059 ስለሚሆኑ ከቁጥሩ እጅግ ያንሳሉ። ከእሱ በታች ሆነው ከእሱ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ደግሞ 640 × 6,700,416 = 4,288,266,240 ናቸው።

ለኛ ግን ከሁሉ የሚጣፍጠው ክፍል የሚከተለው ነው፣ በዓምዶች ላይም እምብዛም አይታይም። ቁጥሩ የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር መሆኑ ግልጽ ነው፤ 65,536² + 1²። አንድ ብቸኛ ቁጥር እንዲህ ሊጻፍ ከቻለ የሚጻፈው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ይህን ያረጋገጠው ኦይለር ነው። ቁጥራችን ግን ሁለተኛ መንገድ አለው፦ 62,264² + 20,449²። የመጀመሪያው 3,876,805,696፣ ሁለተኛው 418,161,601 ነው፤ ደምሯቸው። ሁለት መንገድ መኖሩ ብቻውን ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን ይመሰክራል፤ ከዚያም አልፎ አካፋዩን አውጥቶ ይሰጣል። ተጋማሹን ከተጋማሹ፣ ኢተጋማሹን ከኢተጋማሹ ጋር እናጣምር። ልዩነቶቹ 65,536 − 62,264 = 3,272 እና 20,449 − 1 = 20,448 ናቸው፤ ትልቁ የጋራ አካፋያቸው 8። ድምሮቹ 127,800 እና 20,450 ናቸው፤ ትልቁ የጋራ አካፋያቸው 50። ሁለቱንም እናጋምስ፤ 4 እና 25። 4² + 25² = 16 + 625 = 641። ጥምሩን ያዘበራረቀ፣ ማለትም 65,536ን ከ20,449 ጋር ያቀናነሰ ሰው፣ ኢተጋማሽ ልዩነቶች ስለሚያገኝ ማጋመሱ ላይ ይቆማል።

ሁለቱ መንገዶች ከየት እንደ መጡም ማየት ይቻላል። 641 = 25² + 4²፣ 6,700,417 = 2,556² + 409² ነው። 25 × 2,556 = 63,900፣ 4 × 409 = 1,636፤ ሲደመሩ 65,536፣ ሲቀናነሱ 62,264። 25 × 409 = 10,225፣ 4 × 2,556 = 10,224፤ ሲቀናነሱ 1፣ ሲደመሩ 20,449። ያቺ አንዲት «1» በ10,225 እና በ10,224 መካከል ያለች ጠባብ ልዩነት ናት።

ኮምፒውተር ለሚጠቀሙ አንባቢዎችም መነገር ያለበት ነገር አለ። ብቸኛነትን ለመፈተን አንዱ የተለመደ ፈጣን መንገድ 2ን ከቁጥሩ በ1 ባነሰ ርቢ አንሥቶ ቀሪው 1 መሆኑን ማየት ነው። ቁጥራችን ይህን ፈተና ያልፋል! ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል፤ 2⁶⁴ ቀሪው 1 ነው፣ ከቁጥሩ በ1 የሚያንሰው 2³² ደግሞ የ64 ብዜት ነው። በ2 ብቻ የሚፈትን ፕሮግራም እንግዲህ «ብቸኛ ሊሆን ይችላል» እያለ ፌርማን ያጸድቃል። መድኃኒቱ በ2 ፋንታ 3ን መጠቀም ነው። ፔፒን በ1877 ያወጣው ፈተና ዛሬ በተለመደው መልኩ 3ን ወስዶ፣ የተገኘውን 31 ጊዜ በራሱ እያባዙ በየርምጃው ቀሪውን ብቻ መያዝ ነው፤ ቁጥሩ ብቸኛ ቢሆን መጨረሻው 4,294,967,296 በሆነ ነበር። የሚመጣው ግን 10,324,303 ነው። ፕሮግራሙን የጻፈ ሰው ልክ መሥራቱን በወረቀት ሊፈትሸው ይችላል። ያው ሂደት በ641 ቀሪ ሲሠራ 3፣ 9፣ 81፣ 151፣ 366፣ 628፣ 169፣ 357 ይሰጣል፤ ከዚያ 531፣ 562፣ 472 ይልና ተመልሶ 357። ከ7ኛው ማባዛት ጀምሮ በየአራቱ ስለሚዞር 31ኛውም 357 ነው። 10,324,303 በ641 ሲካፈል የሚተርፈው 357 ካልሆነ ፕሮግራሙ ውስጥ ስህተት አለ።

የስህተቱ ምንጭም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። በ32 ቢት (0 ወይም 1 በሚጻፍባቸው 32 ቦታዎች) የሚይዝ የኮምፒውተር ሳጥን ከ4,294,967,295 በላይ አይችልም። የኛ ቁጥር በሁለትዮሽ አጻጻፍ 1፣ ከዚያ 31 ዜሮ፣ ከዚያ 1 ስለሆነ 33 ቢት ይፈልጋል። ግራኛው 1 ከሳጥኑ ሲፈስ ውስጥ የሚቀረው 1 ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ 1ን በ641 አካፍሎ «አይካፈልም» ይላል። ስምንት አኃዝ ብቻ የሚያሳይ ማስሊያም የራሱ ተንኮል አለው። 4,294,967,296 በ641 ሲካፈል 6,700,416.998 ገደማ ነው፤ ማስሊያው ወደ ላይ ካጠጋጋ 6,700,417 ብሎ የማይካፈለውን ጎረቤት የሚካፈል ያስመስለዋል። የመጨረሻውን አኃዝ ማየት ይበቃል፤ 1 × 7 በ7 ያልቃል እንጂ በ6 አያልቅም።

ስለ ጂኦሜትሪው ባጭሩ። ጋውስ በ1796 ባለ 17 ጎን ሥርዓታዊ ምስል በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ ሊነደፍ እንደሚችል አሳየ፤ የሚቻለውና የማይቻለው የሚለየውም በነዚሁ ብቸኛ በሆኑ የፌርማ ቁጥሮች ነው። 641 ከነሱ ስላልሆነ ባለ 4,294,967,297 ጎን ምስል አይነደፍም። ሁለት ጎን ቢቀነስለት ግን፣ ቢያንስ በሐሳብ፣ ይነደፋል፤ 4,294,967,295 የአምስቱ ወንድሞች ብዜት ነውና።

ዓምዳችሁ ለአንባቢ እንቆቅልሽ የሚያወጣ ከሆነ አንድ ጥያቄ እንጠቁም። ቀጣዩ የፌርማ ቁጥር 18,446,744,073,709,551,617 ነው። የሉካስ ወንፊት ለእሱ የ256 ብዜት ላይ 1 መጨመርን ያዛል። ላንድሪ በ1880 ያገኘው አካፋይ 274,177 ነው፤ እሱም 256 × 1,071 + 1። ከ1,071ዱ እጩዎች በ3፣ በ5ና በ7 የሚካፈሉት ቢጣሉ ለአንባቢው ስንት ማካፈል ይቀርለታል?

ከአክብሮት ጋር፣
ሁለት የሂሳብ መምህራን